ታይፓን፦ ስለ ንግድና ስለ ዕዳ የተማርሁበት አሮጌ ጨዋታ



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ጓደኞቻችን ስለ ጤና አጠባበቅ፥ ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ፥ ስለ ሒሳብና ስለ ተፈጥሮ ሳይንስ የጻፉትን አንብበን ብዙ ጠቃሚ ነገር አግኝተናል። ዘንድሮ እኔም ተራዬ ስለ ደረሰ ምን ልጻፍ እያልሁ ብዙ ቀን አሰብሁ። በመጨረሻም ሰው ሁሉ የጊዜ ማጥፊያ ነው ከሚለው ነገር፥ ይኸውም ከኮምፒዩተር ጨዋታ ያገኘሁትን ትምህርት ለመጻፍ ወሰንሁ። ወላጆቻችን «ደግሞ ጨዋታ ምን ያስተምራል?» ማለታቸው እንደማይቀር አውቃለሁ። እናቴም በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ቢያነቡልኝ መልሱን የሚያገኙት ይመስለኛል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

የጨዋታው ስም «ታይፓን» ይባላል። ታይፓን በደቡብ ቻይና በሚነገረው በካንቶን ቋንቋ ታላቅ አለቃ እንደ ማለት ሲሆን፥ በተለይም በቻይና ጠረፍ ይነግዱ የነበሩ የውጭ አገር ንግድ ቤቶች አለቆች የሚጠሩበት ስም ነበረ። ጨዋታውን በ1979 ዓ.ም. አርት ካንፊል የተባለ ሰው ቲ.አር.ኤስ. 80 ለተባለው ኮምፒዩተር ደረሰው። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ሮናልድ በርግ የተባለ ሰው አፕል 2 ለተባለው ኮምፒዩተር አዘጋጀው። ሐሳቡም የመነጨው ጄምስ ክላቬል በ1966 ዓ.ም. ካሳተመው «ታይ-ፓን» ከተባለው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው።

እኔ ይህን ጨዋታ ያገኘሁት ባለፈው ክረምት ነው። አጎቴ ኮምፒዩተር ይጠግናል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ እርሱ ዘንድ እየሄድሁ ስረዳው፥ አንድ ቀን ሥራ ስለ ጠፋ «ና፥ እኛ ልጆች ሳለን ሰው የሚጫወተውን ላሳይህ» ብሎ በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ሆኖ የተገለበጠውን ከፈተልኝ። አይቼው ሣቅሁ። ሥዕል የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ሁሉ የሚታየው በፊደልና በቁጥር ነው። አጎቴ ግን «ሣቅህን ለኋላ አቈየው፤ መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ የገባኝ ቈይቶ ነው።

ተጫዋቹ በ1860 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በሆንግ ኮንግ ወደብ አንዲት ትንሽ መርከብ ይዞ የቆመ ነጋዴ ይሆናል። የንግድ ቤቱን ስም ራሱ ያወጣል፤ እኔ በእናቴ ስም ሰየምሁት። ከዚያም ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው 400 ዶላር በእጁ፥ 5,000 ዶላር ዕዳ በጫንቃው ይዞ መጀመር ነው። ሁለተኛው ገንዘብም ዕዳም ሳይኖረው 5 መድፍ ብቻ ይዞ መነሣትና፥ በባሕር ላይ ከወንበዴዎች ጋር ተዋግቶ በሚያገኘው ምርኮ ኑሮውን መመሥረት ነው። እኔ ነጋዴ ለመሆን ስለ ፈለግሁ ገንዘቡን ከነዕዳው ወሰድሁ።

የሚነገድባቸው ዕቃዎች 4 ናቸው፤ እነርሱም ኦፒየም፥ ሐር፥ የጦር መሣሪያና ተራ ሸቀጥ ናቸው። ተራው ሸቀጥ በጥቂት ዶላር፥ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ በዐሥሮች፥ ሐሩ በመቶዎች፥ ኦፒየሙ ግን በሺዎች ይሸጣል። ወደቦቹም 7 ናቸው፤ ሆንግ ኮንግ፥ ሻንግሃይ፥ ናጋሳኪ፥ ሳይጎን፥ ማኒላ፥ ሲንጋፖርና ባታቪያ። ከእነዚህ ውስጥ ሳይጎን ዛሬ ሆ ቺ ሚን ከተማ፥ ባታቪያ ደግሞ ጃካርታ ይባላሉ። ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው መሄድ አንድ ወር ይፈጃል። ነጋዴው በሆንግ ኮንግ ሳለ ገንዘቡ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲሞላ ጡረታ መውጣት ይችላል። በዚያን ጊዜ ጨዋታው ሀብቱን ከወሰደበት ጊዜ ጋር አመዛዝኖ ማዕርግ ይሰጠዋል።

የንግድ ትርፍ ከየት ይመጣል?

እኔ ከዚህ በፊት ነጋዴ የሚያተርፈው ዋጋ ስለ ጨመረ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ በገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ሰዎች «እዚያ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ አንቺ ለምን አስወደድሽው?» ሲሏት እሰማ ነበርና እኔም በልቤ እንደዚያው እጠይቅ ነበር።

ጨዋታው ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ትርፍ በቦታና በጊዜ ልዩነት መካከል እንደሚገኝ ነው። ሐር በአንዱ ወደብ 550 ዶላር ሆኖ አግኝቼ በሌላው ወደብ 1,500 ዶላር የሸጥሁበት ጊዜ አለ። በ10 ሐር 5,500 ዶላር አውጥቼ 15,000 ዶላር አገኘሁ፤ ልዩነቱ 9,500 ዶላር ነው። ነገር ግን ይህ ልዩነት በነጻ የመጣ አይደለም። ዕቃው የሚፈለግበትን ወደብ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ወር ሙሉ በባሕር ላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በመንገድም ማዕበል አለ፤ ወንበዴ አለ፤ ሊ ዩን የተባለው የወንበዴዎች አለቃም ለባሕር አምላክ ቤተ መቅደስ መባ ስጡ እያለ ገንዘብ ይጠይቃል። ብዙ ገንዘብ በእጅ ይዞ የሚዞር ነጋዴም ይዘረፋል፤ ስለዚህ ሆንግ ኮንግ በደረሰ ቍጥር ባንክ ማስገባት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የመድፉ ነገር ነው። መርከቢቱ በመጀመሪያ የምትይዘው 60 ዕቃ ብቻ ነው። አንድ መድፍ የ10 ዕቃ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ 3 መድፍ የገዛ ሰው የመርከቡን ግማሽ ለጥበቃ ሰጠ ማለት ነው። መድፍ ያልገዛ እንደ ሆነ ብዙ ዕቃ ይጭናል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ወንበዴ ሲያገኘው ሁሉን ያጣል። እንግዲህ ጥንቃቄም ራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ከትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ የእናቴን ሥራ በሌላ ዓይን ተመለከትሁት። ከአላባ የመጣው በርበሬ በገበያችን ዋጋው ከፍ ማለቱ፥ የጫኝና የአውራጅ፥ የመኪና ኪራይ፥ የሱቅ ኪራይ፥ በዝናብ የሻገተውና ሳይሸጥ የቈየው ሁሉ በውስጡ ስላለ ነው። ሸክሙን የሚሸከም ሰው የድካሙን ቢያገኝ ነውር የለበትም።

ዕዳ እንዴት ያድጋል?

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት ልግባ። ነጋዴው ሲጀምር ያለበትን 5,000 ዶላር ያበደረው «ታላቅ ወንድም ዉ» የሚባል የሆንግ ኮንግ ሰው ነው። ወለዱ በወር 10 በመቶ ነው። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ግን በወር የሚወልደው ግማሽ በመቶ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ወር በ400 ዶላሬ የጦር መሣሪያ ገዛሁ። አንዱ 60 ዶላር ስለ ነበረ 6 ገዝቼ 360 ዶላር ከፈልሁ፤ 40 ዶላር ቀረኝ። በሚቀጥለው ወደብ አንዱን በ110 ዶላር ሸጥሁና 660 ዶላር አገኘሁ። በእጄ ያለው 700 ዶላር ሆነ። 300 ዶላር አተረፍሁ ብዬ ደስ አለኝ። አጎቴ ግን ጣቱን ወደ ዕዳው መዝገብ አመለከተኝ። ዕዳው 5,500 ሆኗል። ስንነሣ 4,600 ዶላር ጐድሎብኝ የነበርሁ ሰው፥ አትርፌ 4,800 ጐደለብኝ! እጄ ሲሞላ ቤቴ ይራቈት ነበር።

ሒሳቡን በሠንጠረዥ ላስቀምጠው። አንዳች ሳይከፈል ቢቈይ የ5,000 ዶላሩ ዕዳ እንዲህ ያድጋል፤

ከ1 ወር በኋላ 5,500
ከ2 ወር በኋላ 6,050
ከ3 ወር በኋላ 6,655
ከ6 ወር በኋላ 8,858 ገደማ
ከ8 ወር በኋላ 10,718 ገደማ
ከ12 ወር በኋላ 15,692 ገደማ
ከ24 ወር በኋላ 49,249 ገደማ

በሁለተኛው ወር ላይ የተጨመረው 500 ሳይሆን 550 መሆኑን ተመልከቱ። ትርፉ 50 የመጣው ባለፈው ወር ከተወለደው ወለድ ነው። ይህ የወለድ ወለድ ይባላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለትዕግሥት ነው። ዕዳም እንደዚያው ቀስ በቀስ እግር ያወጣል፤ ልዩነቱ ወደ እኛ የሚሄድ መሆኑ ነው።

የሒሳብ መምህራችን አንድ ቀላል ዘዴ አስተምረውናል። ገንዘብ በስንት ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ለመገመት 72ን ለወለዱ መቶኛ ማካፈል ነው። 72 ለ10 ሲካፈል 7.2 ስለሚሆን የዉ ብድር ከ7 ወር ጥቂት አልፎ እጥፍ ይሆናል። ባንክ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ግን 72 ለግማሽ ሲካፈል 144 ወር፥ ማለት 12 ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዕዳ እያለበት ገንዘብ ባንክ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ከባዱን ሸክም ተሸክሞ ቀላሉን የሚያወርድ ሰው ይመስላል።

ዕዳዬ ከ10,000 ዶላር ባለፈ ጊዜ ዉ ብዙ ጐበዛዝት ልኮ ወደ ቤቱ አስጠራኝ። አልተሳደበም፤ አልተቈጣም። ሰው ዕዳውን መክፈል የክብሩ ምልክት እንደ ሆነ በትሕትና መከረኝ። ቀጥሎም ግዴታውን ችላ ብሎ ክፉ መጨረሻ ስላገኘው አንድ የውጭ አገር ሰው ተረከልኝና፥ ወዳጁ እንደዚያ እንዳይሆንበት ተስፋ እንደሚያደርግ ነገረኝ። ጨዋታ መሆኑን እያወቅሁ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ ተሸንፌ፥ በሦስተኛው ጊዜ ማናቸውንም ነገር ከመግዛቴ በፊት ዕዳዬን መቀነስ ጀመርሁ። ያን ጊዜ ንግዴ ተቃና።

ስለ ኦፒየም

ንግዴ የተቃናው ግን በምን እንደ ነበረ መናገር አለብኝ። ዕዳዬን ከከፈልሁ በኋላ መርከቤን አሰፋሁና የማገኘውን ገንዘብ ሁሉ በኦፒየም ላይ አዋልሁት። ዋጋው ከሐር 10 እጥፍ ያህል ስለሆነ በአንድ ጕዞ የሚገኘው ትርፍም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ጊዜ የወደቡ ሹማምንት ኦፒየሙን ወርሰው መቀጫ ያስከፍሉኝ ነበር። ይህንም በደብተሬ ላይ «ኪሣራ» ብዬ ጻፍሁት። በ3 ዓመት ከ4 ወር አንድ ሚሊዮን ዶላር ሞላልኝና ጡረታ ወጣሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ይህን ለታሪክ መምህራችን በኩራት ነገርኋቸው። እርሳቸውም እስክጨርስ ሰምተው፥ «መልካም፤ ያን ሁሉ ኦፒየም ማን አጨሰው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተሬን ገልጬ ባይ «ኦፒየም 40»፥ «ኦፒየም 60» ይላል እንጂ ስለ ሰው የተጻፈ ነገር የለበትም። መምህራችንም «እንግዲያውስ አንብበህ መልሰህ ንገረኝ» አሉኝ። ያነበብሁት በአጭሩ ይህ ነው።

እንግሊዞች ከቻይና እጅግ ብዙ ሻይ ይገዙ ነበር። ቻይና ግን የእንግሊዝን ዕቃ ብዙም አትፈልግም ነበርና ክፍያው በብር ማዕድን ነበረ። ብሩ እንዳያልቅባቸው የሚሸጡት ነገር ፈለጉ። በሕንድ በቤንጋል የሚመረተውን ኦፒየም የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ይሸጥ ነበር፤ ነጋዴዎችም ገዝተው፥ የቻይና ሕግ የከለከለው ሆኖ ሳለ፥ ወደ ቻይና በስውር ያስገቡት ነበር። ኦፒየም ደግሞ አንድ ጊዜ የለመደውን ሰው በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ገዢው ዋጋ ተወደደ ብሎ የሚተወው ዕቃ አይደለም። ለነጋዴው ያተረፈው ይህ ባሕርዩ ነው፤ ሰውየውን ያጠፋውም ይኸው ባሕርዩ ነው። በጊዜው ወደ ቻይና ይገባ የነበረው ብር ፊቱን አዙሮ ከቻይና መውጣት ጀመረ።

በ1839 ዓ.ም. የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዳኦጓንግ፥ ሊን ዜሹ የተባለውን ሹም ወደ ካንቶን ላከ። ሊን ዜሹም ከነጋዴዎቹ ከ20,000 ሣጥን የሚበልጥ ኦፒየም ተረክቦ በሁመን አጠፋው። ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያም ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ዋና ሐሳብ፥ በገዛ ሕዝባችሁ ላይ እንዲደርስ የማትፈቅዱትን ጉዳት ለትርፍ ብላችሁ በሌላው ሕዝብ ላይ ስለ ምን ታደርሳላችሁ? የሚል ነበር። የተከተለው ግን ጦርነት ነው። በ1842 ዓ.ም. በናንኪንግ በተፈረመው ውል ቻይና ሆንግ ኮንግን ለእንግሊዝ ሰጠች፤ 5 ወደቦችን ለንግድ ከፈተች፤ 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ካሣም ልትከፍል ተገደደች። ከ1856 እስከ 1860 ዓ.ም. ሁለተኛ ጦርነት ተደረገ። በዚሁ መካከል በ1858 ዓ.ም. ኦፒየም ቀረጥ እየተከፈለበት እንዲገባ ተፈቀደ። ሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና የተመለሰችው በ1997 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በጨዋታው መርከቤን ያቆምሁባት ሆንግ ኮንግ የእንግሊዝ ወደብ የሆነችው በዚሁ በኦፒየም ጦርነት ምክንያት ነው። ጨዋታው ይህን አይናገርም፤ የሚያሳየው ዋጋውን ብቻ ነው። በርካሽ የገዛሁበትንና በውድ የሸጥሁበትን ያሳያል፤ ዕቃው ከመርከቤ ከወረደ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ ግን አያሳይም። ጨዋታውን የደረሱትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ የነጋዴ መዝገብ በእውነተኛው ዓለምም የተሠራው እንደዚሁ ነውና።

በቤታችን የሆነው

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው እናቴ ፈቅዳልኝ ነው። «ሌላው ሰው ይማርበት» ብላኛለች።

በጥቅምት ወር የ72ቱን ዘዴ ስለማመድ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ በርበሬ ትለቅም ነበር። «ያ ሁሉ ቍጥር ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለ ዉና ስለ ብድሩ ነገርኋት። በወር 10 በመቶ ስላት እጇን አቆመች። ከጥቂት ዝምታ በኋላ እርሷም እንደዚሁ ተበድራ እንደ ነበረ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት የሱቅ ኪራይ በጨመረና የበርበሬ ዋጋ በናረ ጊዜ፥ በሰፈር ካለ አንድ አራጣ አበዳሪ 20,000 ብር ወስዳ ነበር። በየወሩ 2,000 ብር ወለድ ትከፍላለች። እስከዚያ ቀን ድረስ 14 ወር ሆኗታል።

ሒሳቡን በደብተሬ ሠራሁት። የከፈለችው 28,000 ብር ነው፤ ያለባት ዕዳ ግን ያው 20,000 ብር ነው፤ ከዋናው አንድ ብር አልቀነሰም። ወለዱን ሳትከፍል ቀርታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዕዳው ከ75,000 ብር ያልፍ ነበር። ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ቈጥሬ አሳየኋት። እርሷ ግን ደብተሩን ሳታይ፥ «ልጄ፥ አንተ በደብተር ያየኸውን እኔ ሌሊት ሌሊት ሳየው ነው የከረምሁት። የጠፋኝ ሒሳቡ አይደለም፤ መውጫው ነው» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ዐዋቂ መስዬ በመታየቴ አፈርሁ። በችግር ላይ ላለ ሰው ሒሳብ ማሳየት ብቻውን መርዳት አይደለም።

በእሑድ ቀን አባቴና አጎቴ ባሉበት ነገሩን ተመካከሩበት። አባቴም ዕዳውን የሰማው ያን ቀን ነው፤ አልተቈጣም፤ «ብቻሽን መሸከምሽ ነው የከፋው» አላት። አጎቴ 5,000 ብር ያለ ወለድ ሰጣት። የገበያው ሴቶች ደግሞ አዲስ እቁብ እየጀመሩ ነበር፤ 30 ሰው ሆነው በየሳምንቱ 500 ብር የሚጥሉበት። እናቴ ችግሯን ለእቁቡ ዳኛና ለአባላቱ በግልጽ ነገረቻቸው። ይህን ለማድረግ ምን ያህል እንደ ከበዳት አይቻለሁ። እነርሱም ተመካክረው የመጀመሪያውን 15,000 ብር ያለ ዕጣ ለእርሷ ለቀቁላት። በዚህ ዓይነት 20,000ው ሞላ።

እናንት የሒሳብ ተማሪዎች፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በየሳምንቱ 500 ብር ማለት በ4 ሳምንት 2,000 ብር ነው፤ ለአራጣው ትከፍል ከነበረው ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ እቁቡ በ30 ሳምንት የሚያልቅ መሆኑ ነው። አራጣው ግን ማለቂያ አልነበረውም።

ስለ ሕጉም ጠይቄ ተረድቻለሁ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በገንዘብ ብድር ላይ በውል የሚወሰነው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። አራጣ ማበደርም በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው። ነገር ግን ችግር ሲጠና ሰው የሚያንኳኳው ቅርብ ያለውን በር ነው።

ገንዘቡን ለመክፈል ስትሄድ አብሬአት ሄድሁ። አበዳሪው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቈጠረና ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ አንዱን መሥመር በብዕር ሰረዘው። አጠገቡ ስለ ነበርሁ አየሁት። የእናቴ ስም አልተጻፈበትም። የተጻፈው «በርበሬ 20» የሚል ብቻ ነበር።

ወዲያው የራሴ ደብተር ትዝ አለኝ። «ኦፒየም 40»፥ «ኦፒየም 60»። እናቴ በሰውየው ደብተር ውስጥ በርበሬና ቍጥር ነበረች። በእኔ ደብተር ግን ኦፒየሙን ያጨሰው ሰው በቍጥርም አልተጻፈም። በማግሥቱ ወደ ታሪክ መምህራችን ሄጄ፥ «መምህር፥ ማን እንዳጨሰው አሁን ገባኝ» አልኋቸው፤ የሆነውንም ነገርኋቸው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የመከሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ለጓደኞቼ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው 3,000 ብር በወር 5 በመቶ ወለድ ተበደረ። ምንም ሳይከፍል ቢቈይ ዕዳው በስንት ወር ገደማ እጥፍ ይሆናል? በ72ቱ ዘዴ ከገመታችሁ በኋላ እያንዳንዱን ወር በመደመር አረጋግጡ።

2. አንድ ነጋዴ 10,000 ብር ዕዳ አለበት፤ ወለዱ በወር 10 በመቶ ነው። በዚህ ወር ነግዶ 800 ብር አተረፈ። ሀብቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? በስንት?

3. ዛሬ በቤታችሁ ከተበላው ነገር አንዱን ምረጡና፥ ከእርሻው አንሥቶ እስከ ማዕዳችሁ ድረስ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ። በቍጥር ብቻ ሳይሆን የምታውቋቸውን በስማቸው ጻፏቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በእርሳስ ይሠራሉ። ሦስተኛው ግን ከቤት ወጥቶ መጠየቅን ይፈልጋል።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው ንግድ ክቡር ሥራ ነው። ዕቃ ከተረፈበት ቦታ ወደ ጐደለበት ቦታ ያደርሳል፤ ለዚህም ድካምና አደጋ ዋጋ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የነጋዴ መዝገብ ሁለት ነገር ይሰውራል። የመጀመሪያው በእጃችን ያለው ገንዘብ ሲበዛ ከኋላችን የሚያድገው ዕዳ ነው። ይህን የሚገልጥልን ሒሳብ ነውና ሒሳብን እንማር። ሁለተኛው ከመሥመሩ ማዶ ያለው ሰው ነው። ይህን ግን ሒሳብ አይገልጥልንም፤ «ማን አጨሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ልቡና ያስፈልጋል።

ነገ ከእኛ መካከል ነጋዴ፥ የባንክ ሠራተኛ፥ ሒሳብ ሹም የሚሆን ብዙ ነው። ያን ጊዜ በምንጽፈው በእያንዳንዱ ቍጥር ማዶ አንድ ሰው እንዳለ ብናስታውስ፥ ትርፋችን ቢያንስ እንኳ የምናፍርበት አይሆንም።

ጨዋታውን አሁንም አልፎ አልፎ እጫወተዋለሁ። ከኦፒየም በቀር በሌሎቹ ዕቃዎች እየነገድሁ ሚሊዮኑን ለመሙላት እየሞከርሁ ነው። እስካሁን 5 ዓመት ነግጄ ገና ግማሽ አልደረስሁም፤ ጨዋታው የሚሰጠኝም ማዕርግ ዝቅ ያለ እንደሚሆን አውቃለሁ። እናቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆማ ስታይ፥ «ዕዳ አለብህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለብኝም» አልኋት። «እንግዲያው አትቸኩል» ብላኝ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።